ለልጄ ትምህርት ቤት ላይብረሪያን፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህችን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አለፈ። ዛሬ ልጄ "አባዬ፣ ጻፍክላቸው?" ሲለኝ አፈርኩና ቁጭ አልኩ።

ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ነው። ስለ አድዋ አሳይመንት ተሰጠው። እንደ ዘመኑ ልጅ ግማሹን ከኢንተርኔት፣ ግማሹን ከኤአይ ለቃቅሞ በአንድ ማታ ጨረሰው። እኔም አነበብኩት። አማርኛው ያምራል፣ ሽፋኑም ያምራል። "ጎበዝ!" አልኩት።

በማግስቱ ፕሪንት ሊያደርግ ላይብረሪ ይዞት ሄደ። ላይብረሪያኗ አንድ ገጽ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ና እስቲ የኔ ልጅ። የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ ነው ያልከው?"

"በ1889።"

"ጦርነቱስ?"

"በ1888።"

"እንግዲያ አጼ ምኒልክ መጀመሪያ ተዋጉና፣ በዓመቱ ያዋጋቸውን ውል ፈረሙ?"

ልጁ ክው አለ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እኔም ክው አልኩ፤ አንብቤ ያሞገስኩት እኔ ነኛ! ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ 1889 የፈረንጆቹ ነው። አድዋ ግን በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። አንዱን ከእንግሊዝኛ፣ ሌላውን ከአማርኛ ወስዶ ጎን ለጎን ሰክቷቸው ኖሯል።

እሳቸው ግን አላረሙለትም። ይሄን ነው የወደድኩላቸው። "የቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ለይና ተመለስ" አሉት። ቀጥለው አሳይመንቱ መጨረሻ ላይ በምንጭነት ከደረደራቸው መጻሕፍት በሁለቱ ላይ ምልክት አደረጉና "እነዚህን ፈልገህ አምጣልኝ" አሉት። መደርደሪያውን አሰሰ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ፣ የለም። ለካ ኤአይ ከነደራሲያቸው ፈጥሯቸው ነው። ያቺን ከሰዓት ልጄ ስለ ምንጭ የተማረውን፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አልተማርኩትም።

በእኔ ጊዜ ላይብረሪ ማለት የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነበር። መታወቂያ ታስይዛለህ፣ የመጽሐፉን ስም ትናገራለህ፣ ካለ ይወጣልሃል። ከውስጥ የሚሰማው "ዝም በሉ!" ብቻ ነው። መደርደሪያውን በዓይናችን እንኳ ሳናየው ተመረቅን።

እኚህ ሴት መደርደሪያውን ከፍተውታል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጭነዋል። ዊኪፒዲያ አንድ ጊዜ ይወርድበታል፣ ከዚያ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። መብራት ከጠፋ ግን እሳቸውም ምንም አያደርጉም፣ ያው ነው። የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ሲመጣ ደግሞ ሶፍት ኮፒውን በየክፍሉ ለይተው ቴሌግራም ላይ አስቀመጡ። ክረምት ላይ ልጄን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ የገፋፉትም እሳቸው ናቸው። በ2014 ሲከፈት በቴሌቪዥን አይቼ "አንድ ቀን እንሄዳለን" ብዬ የቀረሁት እኔ፣ ልጄ ቀደመኝ።

ተማሪዎቹ "ቲቸር" ነው የሚሏቸው። ትምህርት ቤቱ ግን እንደ መምህር አይቆጥራቸውም። የመምህራን ስልጠና ሲኖር "አንቺ ቁልፉን ጠብቂ" ይባላሉ አሉ። ይሄ ያናድደኛል። ልጄ የጻፈውን ቁጭ ብሎ ያነበበለት ሰው ቁልፍ ጠባቂ ነው?

ስማቸውን አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። እዚያ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ታውቋቸዋላችሁ። ልጃችሁ አሳይመንት ሲይዝ ከማስረከቡ በፊት እሳቸው ጋ ላኩት። ሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁም በልጃችሁ ላይብረሪ ማን እንዳለ አንድ ቀን ገብታችሁ እዩ።

ባዶ እጃችሁን ላለመሄድ የምትፈልጉ፣ ልጆቻችሁ ያለፏቸው መጻሕፍትና የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ይፈልጋሉ። ቡናም ይወዳሉ። ስኒውን ይዛችሁ ወደ ውስጥ እንዳትገቡ ብቻ፤ እኔ ተባርሬያለሁ።