የሊዮን ብሪጅስ «ካሚንግ ሆም»፦ ከስድስተኛው ዘፈን ጀምሩት

ይህን አልበም ከአንደኛው ዘፈን የጀመረ ሰው ሁለት ሦስቱን ሰምቶ «ይሄማ ሳም ኩክ ነው» ብሎ ሊዘጋው ይችላል፤ ሳም ኩክ ሶል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የታወቀ የድሮ ዘፋኝ ነው። አይፈረድበትም። የዘፋኙ አለባበስ፣ የሳክስፎኑ አገባብ፣ የተቀባዮቹ «ኡ… ኡ» ሁሉ የ1960ዎቹን መጀመሪያ እንዲመስል ታስቦበት የተሠራ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንለውጥላችሁ። መጀመሪያ ስድስተኛውን «ሊሳ ሶየር»ን ስሙ፣ ቀጥሎ አሥረኛውን «ሪቨር»ን፣ ከዚያ ወደ አንደኛው ተመለሱ።

«ሊሳ ሶየር» የእናቱ ታሪክ ነው። ኒው ኦርሊየንስ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች ብሎ ይጀምርና መልኳን በፕራሊን ይመስለዋል፤ የከተማዋ ሰዎች ከስኳርና ከፒካን ለውዝ የሚሠሩት ቡናማ ጣፋጭ ነው። ሲዘፍን የቤተሰብ ወሬ እንደሚያወጋ ሰው ነው፤ አንድም ቦታ ድምፁን አያስጨንቅም። የሚገርመው ግን ዘፈኑን ሲጽፍ ሳም ኩክን ገና አያውቀውም ነበር። ጆሮው ያደገው በኋለኛው ዘመን ዘፋኞች፣ በእነ አሸርና ጂኑዋይን አር ኤንድ ቢ ነው። ይህን ዜማ የሰማ ሰው «ሳም ኩክን ተከትለህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው የድሮዎቹን ሥራዎች ማገላበጥ የያዘው። የሶል ሥሩን ከሸክላ አልቀዳውም ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ነበረ።

ብሪጅስ አትላንታ ተወልዶ ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያደገ፣ ኮሌጅ ዳንስ የተማረ ልጅ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን እያጠበ ለማንም ክፍት በሆኑ መድረኮች ጊታር ይዞ ይወጣ ነበር። ያገኙት የዋይት ዴኒም ባንድ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጊታሪስቱ ኦስቲን ጄንኪንስና ድራመሩ ጆሽ ብሎክ። በ2014 መጨረሻ ሁለት ዘፈኖች ሳውንድክላውድ በተባለው የዘፈን ድረ ገጽ ላይ ተለቀቁ፣ የሙዚቃ አሳታሚው ኮሎምቢያ ሬከርድስ ብዙ ሳይቆይ አስፈረመው፣ አልበሙ በጁን 2015 ወጥቶ በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሠንጠረዥ፣ ቢልቦርድ 200 ላይ 6ኛ ሆኖ ገባ። ዓመት እንኳ አልሞላም።

የቀረጻው ድምፅ የአልበሙ ትልቁ ሀብት ነው። እዚያው ፎርት ወርዝ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ በድሮ መሣሪያዎች፣ ባንዱ አብሮ እየተጫወተ ነው የተቀዳው። ሁሉም በአንድ ክፍል ሲጫወቱ የድራሙ ድምፅ ዘፋኙ ማይክ ውስጥ ይገባል፤ የክፍሉ አየር የሚሰማው በዚህ ነው። ችግሩ አንዱ ከተሳሳተ የእሱን ብቻ ቆርጦ መጠገን አስቸጋሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዘፈኑ እንደገና ከሥሩ ይጀመራል። በስልክ ስፒከር ብትሰሙት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሄድፎን አድርጉ፣ ቤዝ መጨመሪያው በርቶ ከሆነም አጥፉት። ቤዝ ጊታሩ በተፈጥሮው ክብና ደብዛዛ ስለሆነ ሲጨመርበት ዘፋኙን ይውጠዋል።

ርዕሱን የሰጠው «ካሚንግ ሆም» በ12/8 የሚሄድ ስሎው ነው። «አንድ ሁለት ሦስት» እያላችሁ አራቴ ቁጠሩ፤ አንድ ዙር ሞላ። ጆሮው በችክችካ 6/8 ላደገ ሰው በሦስት የሚከፈል ምት እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ግን በጣም ዝግ ብሎ ይወዛወዛል። ዜማው ያምራል፣ አጨራረሱም ንጹሕ ነው። ሆኖም ዘፋኙን ገና አታገኙትም፤ ዘመኑን ነው የምታገኙት።

ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። «ትዊስቲን ኤንድ ግሩቪን» ከልብሱ ጋር የመጣ ይመስላል፤ ተጨፍሮበት ይረሳል። «ብራውን ስኪን ገርል»ም ጥሩ ስሎው ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው ዘፈን ጋር ስለሚቀራረብ ኃይሉ ይቀንሳል። አልበሙ በጠቅላላው 35 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ አጭር ሆኖ ሁለት ቦታ መድገም ይታወቃል።

«ሪቨር» ላይ ሁሉም ጌጥ ይወልቃል። ጊታር፣ ከበስተኋላ የሚመታ ታምቡሪን፣ ከዚያ ቀስ ብለው የሚገቡ የሴት ድምፆች። የድራሙ አለመኖር የሚታወቀው ተቀባዮቹ ሲገቡ ነው፤ ድጋፉ ከሰው ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ልክ እንደ ጸሎት ቤት። ኃጢአቱን ወንዝ ወርዶ ሊታጠብ የሚለምን ሰው ነው የሚዘፍነው፣ አልበሙም በዚሁ ያልቃል።

ማጫወቻ ያለው ሰው ሸክላውን ቢገዛ አይቆጭም፤ የሌለው ግን ለዚህ ብሎ ማጫወቻ አይግዛ፣ በስትሪሚንግም ጥሩ ነው። ግራሚን ያገኘው ከ2018ቱ «ጉድ ቲንግ» አልበም በወጣ ዘፈን ነው። «ሪቨር» የገባችሁ ከሆነ ግን እሱን እለፉትና ከቴክሳሱ ባንድ ከክሩዋንግቢን ጋር በ2020 ወዳወጣው «ቴክሳስ ሰን» ሂዱ። አራት ዘፈን ብቻ ነው፣ ያ የድሮ ሱፍም የለበትም።