8×42 ባይኖኩላር ከመስከረም እስከ ግንቦት፦ የሐዋሳ ወፎች ፈትነውታል

ባይኖኩላሩን፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን ማያ፣ የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል። እንግዶቹ ወፎች ሲገቡም ሲወጡም አንገቴ ላይ ስለነበር፣ አሁን አፌን ሞልቼ ብናገር አያስወቅሰኝም። ብራንዱን አልጠራም። ያው አንዱን ዕቃ የተለያየ ስም እየለጠፉ የሚሸጡት ዓይነት ነው። ቁም ነገሩ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፦ 8×42።

8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል፤ ከኋላ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይሄ ነው፤ ክቡ ሲሰፋ ጨለምለም ባለ ቦታ ምስሉ ይደምቃል። 10×42 ቢሆን 4.2 ይሆን ነበር። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። አሞራ ገደል ፓርክ ዋርካ ሥር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስትቆሙ ግን ይገባችኋል። ሐይቁ ነግቶለታል፣ ዛፉ ውስጥ ገና ጨለማ ነው።

ሱቅ ስትገቡ የሚያማልላችሁ ያ «ከ10 እስከ 30 ያጎላል» የሚባለው ዙም ያለው ነው። ጓደኛዬ አላት። 30 ላይ ስታደርሰው የእጇ መንቀጥቀጥ ወፏን እስክስታ ያስመታታል፣ ምስሉም ይጨልማል። ሐይቁ መሐል ያለ ጀልባ ለማየት ከሆነ እሺ ይሁን። ዛፍ ላይ ግን የምንፈልጋት አንድ ቦታ የማትረጋ ወፍ ናት። እሷን ለመያዝ ሰፋ ያለ እይታ እንጂ ትልቅ ቁጥር አይረዳም።

ለዚህ ምስክሬ መጋቢት ነው። ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ መጥተው እኛ ጋ የከረሙ ትንንሽ ወፎች ወደ ሰሜን የሚመለሱት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ከነሱ አንዷ ዊሎው ዋርብለር ትባላለች። ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ቀለሟ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ከገባች ደህና ሁኚ ነው። ቁርጥ እሷን የምትመስል ቺፍቻፍ የምትባል ዘመድም አለቻት። ሁለቱን ከሚለዩዋቸው ነገሮች አንዱ እግር ነው። የዊሎው ዋርብለር እግር አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ነው፣ የቺፍቻፍ ጠቆር ይላል። እንግዲህ ጥላ ውስጥ የምትዘለዋን የዚያችን ወፍ የእግር ቀለም መለየት ነው ሥራው።

ደግነቱ ከመሄዳቸው በፊት መዝፈን ይጀምራሉ። ከላይ ተነስቶ እየወረደ፣ እየለሰለሰ የሚያልቅ ዜማ ነው። ድምፁን ተከትዬ ባይኖኩላሩን ሳነሳ አንዷን ከራሴ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ አገኘኋት። ቅጠል እያገላበጠች ትል ትለቅማለች። ከዓይኗ በላይ ያለው ቢጫ መስመር ይታያል። ምንቃሯ ጥግ ላይ የቀረው የትሉ ጭራ ሳይቀር ይታያል። እግሯም ፈዛዛ! እዚያው ላይ ለዕቃው የከፈልኩት ብር ተመለሰልኝ።

ቀለም ላይም አያሳፍርም። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ፣ ላሞቹ እግር ሥር ዝንብ የሚያሳድዱ ቢጫ ዋግቴይል የሚባሉ ወፎች አሉ። ጥቅምት ላይ ሁሉም ደብዛዛ ናቸው። መጋቢት ሲያልቅ ግን ወንዶቹ ላባ ቀይረው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፤ ይሄኛው ከሚፈለፈልባቸው አገሮች ባልካንና ቱርክ ይገኙበታል። ሌላው ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ የሱ አገር ወደ ስካንዲኔቪያ ነው። ርካሽ መስታወት ጥቁሩንና ግራጫውን አንድ ያደርጋቸዋል። ይሄ ለይቶ አሳይቶኛል። የሚያቅተው አንድ ነገር፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ነው። ዓሣ አዳኙ ንስር ከሐይቁ ነጸብራቅ ጋር ሲገጥም ነጭ ጭንቅላቱ ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ ይታያል።

ያን ግዙፍ ወፍ አባ ኮዳን ለማየት ባይኖኩላር የሚያስፈልገው ሰው ካለ ዓይኑን ይታይ። ዓሣ ገበያው ጋ ትርፍራፊ ሲጠብቁ እግራችሁን ሊረግጡ ምንም አይቀራቸውም። ዛፍ ላይ ሲሰፍሩ ግን ከሥራቸው አትቁሙ፤ ለሌንሱም ለልብሳችሁም ብዬ ነው።

ዝናቡስ? የበልግ ዝናብና የወፎቹ ጉዞ አንድ ሰሞን ነው የሚገጥሙት፤ ስለዚህ ውሃ የማያስገባ መሆኑ ቅንጦት አይደለም። ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ስለሆነ እርጥበት የለውም፣ ከውስጥ አይደመንም። ሚያዝያ ላይ ዶፍ ወርዶብን አንድ ጠብታ አልገባበትም። ይልቅ አቧራው ነው ጠላቱ። ሌንስን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ይቅርባችሁ፤ አሸዋው ቅቡን ይጭረዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ።

አሁን ወደ እንከኑ። መስታወቱ እንደ አዲስ ነው፤ ያረጀው ዙሪያው ያለው ጎማና ፕላስቲክ ነው። የዓይን ማረፊያው ጎማ እየተሽከረከረ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። የግራው ላልቷል፣ ሲጫኑት ይሰምጣል። እኔ መነጽር ስለማደርግ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ ነው የምጠቀመው፣ አያስጨንቀኝም። መነጽር የሌላችሁ ግን ያናድዳችኋል። የቀኝ ዓይን ማስተካከያው ቀለበትም ልል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ብቻውን ይዞራል።

የሚያዞረው ቦርሳው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፓርኩ በር ላይ ያሉት ጥበቃ አንድ ቀን «ልጄ፣ ይቺ ነገር ፎቶ ታነሳለች እንዴ?» አሉኝ። «አታነሳም አባባ፣ ማያ ብቻ ናት፤ እስቲ ይሞክሯት» ብዬ ሰጠኋቸው። ጉሬዛዋን ሲያዩ «ወይ ጉድ! ጣቷ እኮ ይቆጠራል!» አሉ። ከሳቸው ሊስትሮዎቹ ተቀበሉ፣ ከሊስትሮዎቹ ዓሣ አጥማጁ። ሁሉም ቀለበቷን ጠምዘዝ ያደርጋታል። ስትመለስልኝ የቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ነው። በመጨረሻ የራሴን ልክ አስተካክዬ በናስትሮ ጠቀለልኳት። ያምራል አልልም፣ ግን ይሠራል። ሰዉን መከልከል አልፈልግም፤ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ በጥርጣሬ አያየኝም፣ ያም ቀላል ነገር አይደለም።

ሻጩ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ብሎኝ ነበር። ጎማው ሲላላ ብወስደው «ዋስትናው ለመስታወቱ ነው» አለኝ። በቃ፣ ተውኩት። አብሮት የመጣው ማንጠልጠያ አንገት ይቆርጣል፤ ዕቃው ወደ 650 ግራም ይመዝናል። ጫማ ሰፊው ጋ ሄጄ ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ በሁለት ትከሻ የሚገባ አሰፋሁለት። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀን ብይዘው አይሰማኝም።

ዋጋ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ የኔን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ቢጠፋብኝ ያንኑ 8×42 እገዛለሁ፣ የዓይን ማረፊያው ጠንከር ያለውን መርጬ። እናንተም ሱቅ ስትሄዱ ሳትከፍሉ በፊት ይቺን አድርጉ። ባይኖኩላሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙና የዓይን ማያው ላይ ያሉትን ሁለት ብሩህ ክቦች እዩ። ሙሉ ክብ ከሆኑ ደህና ነው። ጎንና ጎናቸው በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰሉ ውስጡ ያለው መስታወት ርካሹ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢምል መልሱለት።