የሥራ ቡት ለዘወትር፦ የተሰፋ ወይስ የተጣበቀ? ጠፍጣፋ ወይስ ጥርሳም?

ቡት ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ብዙ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይዳስሳል። እኔ ግን ጫማውን ገልብጬ ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር የተያያዘበትን መስመር በጥፍሬ እከተላለሁ። ይህ ልማድ የመጣው አንድ ጊዜ ከከሰርኩ በኋላ ነው። የገዛሁት ቡት ቆዳው ግሩም ነበር፤ ወፍራም፣ ጠረኑ ራሱ ደስ የሚል። በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መንገድ ላይ የቀኝ እግሩ ሶል ከፊት ተላቆ አፉን ከፈተ። ጫማ ሰፊው በማስቲሽ አጣበቀልኝ። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ተላቀቀ። ቆዳው ገና ምንም አልሆነም ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ንጽጽሩን ከዚያው ከሶሉ አያያዝ ልጀምር።

በማስቲሽ የተጣበቀ፣ ወይም ሶሉ በፋብሪካ ቀልጦ የተደፋበት ቡት ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእግር ጋር ይታጠፋል፣ ዋጋውም አነስ ይላል። ለአንድ ሁለት ዓመት ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ሶሉ ሲያልቅ ጫማውም አብሮ ማለቁ ነው።

ጉድይር ዌልት የሚባለው ሌላ ነው። በጫማው ዙሪያ ዌልት የሚባል ቀጭን ጠፍር ይዞራል። ላይኛው ቆዳ ከጠፍሩ ጋር ይሰፋል፣ ሶሉ ደግሞ በሌላ ስፌት ከዚያው ጠፍር ጋር ይሰፋል። ሁለቱ ስፌቶች ለየብቻ ስለሆኑ ጫማ ሰፊው ያለቀውን ሶል ፈትቶ፣ ላይኛውን ሳይነካ፣ አዲስ ይገጥምበታል። የአሜሪካው ጫማ ሠሪ ሬድ ዊንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ሚኒሶታ ውስጥ በዚያው ስም በምትጠራ ከተማ የተመሠረተው፣ አይረን ሬንጀርና 875 የሚላቸውን ቡቶች የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ስቲችዳውን ነው። እዚህ ላይኛው ቆዳ ወደ ውስጥ አይታጠፍም፤ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ከሥሩ ጋር በቀጥታ ይሰፋል። ከላይ የሚወርድ ውሃ ሰርጎ የሚገባበት ክፍተት ያንሳል። ከአሜሪካዋ ስፖኬን ከተማ የመጡት ቡት ሠሪዎች ዋይትስና ኒክስ በዚህ ይታወቃሉ፤ ዋና ደንበኞቻቸውም ዛፍ ቆራጮችና የሰደድ እሳት ተከላካዮች ናቸው። ጥንካሬያቸው አያጠያይቅም። ግን ከባድ ናቸው፣ ለማላመድ ሳምንታት ይፈጃሉ፣ አንዳንዶቹ ታኳቸው ከፍ ያለ ስለሆነ መኪና ሲነዱ ያስቸግራል። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ለሚል ሰው ይበዛሉ ባይ ነኝ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ምርጫዬ ዌልቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ክር ስላያችሁ ብቻ ሶሉ በቀላሉ ይቀየራል ማለት አይደለም። ዶክተር ማርቲንስ 1460 የሚባለውን ቡት ውሰዱ፤ ስሙ የመጣው ለገበያ ከቀረበበት ቀን፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 1960 ነው። ቢጫው ክር ከሩቅ ይታያል። ሶሉ ግን ከዌልቱ ጋር በሙቀት ቀልጦ የተያያዘ ስለሆነ ተራ ጫማ ሰፊ እንደ ሌላው ፈትቶ ልቀይረው ቢል ይቸገራል። ክሩ ለጌጥ ብቻ የሆነባቸውም አሉ። ጫማውን ገልብጡት። ከላይ የገባው ክር ከሥር ቦይ ውስጥ ተሰልፎ ከታያችሁ ጥሩ ነው። ካልታየ ሻጩን «ይሄ ሶል ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ ከተንተባተበ መልሱን አገኛችሁ።

ቀጥሎ የሶሉ ቅርጽ ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ የምትውሉበት መሬት ነው።

875 ላይ የምታዩት ነጩ ጠፍጣፋ ሶል ታኮ የለውም፤ ከጣት እስከ ተረከዝ አንድ ወጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ለሚቆም ሰው እንደዚህ የሚያሳርፍ የለም። የብረት ግንባታ ሠራተኞች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠባብ ብረት ላይ ሲራመዱ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ያርፋል፣ የሚያደናቅፍ ታኮም የለም። ጥልቅ ጥርስ ስለሌለው ጭቃ ወደ ቤት አያስገባም። ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፤ እርጥብ ሣርና ጭቃ ላይ ደግሞ እምነት አይጣልበትም።

ጥርሳሙ ሶል ተቃራኒው ነው። ቪብራም የሚለውን ስም አይታችሁ ይሆናል፤ የጣሊያናዊው ተራራ ወጪ የቪታሌ ብራማኒ ስም ሲያጥር ነው። ጥልቁ ጥርስ ቁልቁለትና ጭቃ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይከብዳል፣ የያዘውን ጭቃ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ያራግፈዋል። አንዴ አስፋልት፣ አንዴ ኮረኮንች ለሚረግጥ ሰው ከሁለቱ መሃል ያለው፣ ጥርሱ አጭር ሆኖ ታኮ ያለው ሶል ይሻላል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው።

ስለ ቆዳው ብዙ አልልም። «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ስለ ጥራቱ አይነግራችሁም፤ ፉል ግሬይን፣ ማለትም የላይኛው ገጽ ያልተፋቀ መሆኑን ጠይቁ። ዘይት የጠጣ ልስልስ ቆዳ በጣት ሲጫኑት ቀለሙ ይሸሻል፣ ጭረቱም ሲያሹት ይደበዝዛል። ሻካራ ወገኑ ወደ ውጭ የተገለበጠው ደግሞ ጭረት ቢያገኘውም አያስታውቅም፣ ብሩሽ ይበቃዋል፣ ከሱፍ ሱሪ ጋር ግን አይሄድም። የብረት አፍንጫ ያለውን ሥራችሁ ካላስገደዳችሁ ተዉት፤ ይከብዳል፣ ቁጥሩ ትንሽ ከተሳሳተ ጣት ይፈጃል።

አሁን ወደ ማሠራቱ። ዋይትስና ኒክስን የመሳሰሉት ቆዳውን፣ ቁመቱን፣ ሶሉን፣ የክሩን ቀለም፣ ቀለበትና መንጠቆውን ሳይቀር ያስመርጧችኋል። ሰው ብዙ ጊዜ ቀለሙ ላይ ሲጨነቅ ያመሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቁመቱን እወስናለሁ፦ 6 ኢንች ለዘወትር ይበቃል፣ 8 ኢንች ቁርጭምጭሚትን ይደግፋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ማሰሩም መፍታቱም ሥራ ነው። ቀጥሎ መንጠቆውን። ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች በመንጠቆ ሲተኩ ጠዋት ጠዋት ማሰሩ ይፈጥናል። ሰፊ ሱሪ የምትለብሱ ከሆነ ግን የሱሪው ጫፍ ሲቀመጡ ሲነሱ መንጠቆው ላይ ይያዛል፤ እስከ ላይ ቀዳዳ አድርጉት። ከዚያ አፍንጫው፦ ውስጡ ማጠንከሪያ የሌለው ከጊዜ ጋር ወደ ታች ይተኛል፣ ይህን መልክ የሚወዱም የማይወዱም አሉ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

በልካችሁ የተሠራ ቡት ብዙ ጊዜ አይመለስም። መጀመሪያ የምታሠሩት ከሆነ የተዘጋጀ ዌልት ቡት ገዝታችሁ፣ ሶሉ ሲያልቅ የምትፈልጉትን ዓይነት ማስገጠም ብልህነት ነው። ነጩን ጠፍጣፋ በጥርሳም ማስቀየር ይቻላል። የጫማ ክር መቀየር ብቻውንም መልኩን ይለውጠዋል። ቅባት ስትቀቡ ግን ተጠንቀቁ፤ ሚንክ ኦይል ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። መጀመሪያ ምላሱ ሥር ትንሽ ሞክሩ።

ቁጥሩን በስኒከር ቁጥራችሁ አትዘዙ። የዚህ ዓይነት ቡት ብዙ ጊዜ ሰፋ ብሎ ስለሚመጣ ግማሽ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሙሉ ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። እግር ወደ ማታ ያብጣልና ማታ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተራመዱበት። ተረከዝ ትንሽ ብድግ ቢል አያስጨንቅም፤ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ጎኑም ቀስ በቀስ ይሰፋል። ጣታችሁ ከፊት ከነካ ግን ቆዳ በርዝመት አይለጠጥም፤ ሶሉ ውጭ መሬት ሳይነካ በማግስቱ መልሱት።