ለ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች

ዘንድሮ የኒውተንን ሕጎች ለልጆቻችን ያስረዱልንን መምህር በአደባባይ ላመስግን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን! ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጠራሁም።

ከእሳቸው በፊት በሰዓት እየተከፈላቸው ያስጠኑ የነበሩትማ አንድ ገጽ ፎርሙላና የድሮ ፈተና ፎቶ ኮፒ ከነመልሱ ሰጥተው መሄድ ነው። ልጅ "ለምን?" ካለ "ፈተና ላይ አይመጣም" ይባላል። ውጤቱ ደብተር ላይ ይታያል፦ 5 ኪሎ ሳጥን፣ የፍሪክሽን (የሰበቃ) ኮፊሸንቱ 0.3፣ በ10 ኒውተን ይገፋል። ልጁ "10 ሲቀነስ 15፣ ለ5 ሲካፈል አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ 1" ብሎ ጽፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል! ሳጥኑ ወደሚገፋው ሰው ተመልሶ መጣ ማለት እኮ ነው። 15 ኒውተን (0.3 ሲባዛ በሳጥኑ ክብደት፣ 50 ኒውተን) የፍሪክሽኑ ጣሪያ ነው። በ10 ሲገፋ 10 ብቻ ይመልሳል፣ ሳጥኑም ንቅንቅ አይልም። በ20 ቢገፋ ግን 5 ኒውተን ይተርፋል፣ አክስለሬሽኑም 1 ይሆናል።

እኚህ መምህር ከፎርሙላ በፊት ሥዕል ያስሥላሉ። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ "ማን፣ በማን ላይ" ተብሎ ይጻፋል፤ ገፊው ወይም ሳቢው ካልታወቀ ቀስቱ ይሰረዛል። ወደ ላይ በተወረወረ ኳስ ላይ ልጆች የሚጨምሯት "የእጅ ፎርስ" እዚህ ጋ ትጠፋለች፤ እጅ ከለቀቀው በኋላ፣ አየሩን ከተውነው፣ የምትስበው ምድር ብቻ ናት። ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ክብደትና ኖርማል ፎርስም (ጠረጴዛው መጽሐፉን ወደ ላይ የሚገፋበት) እኩል ቢሆኑ የሦስተኛው ሕግ ጥንድ (ሁለት ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፉት እኩልና ተቃራኒ ፎርስ) አይደሉም፣ ሁለቱም ያረፉት መጽሐፉ ላይ ነውና። የክብደቱ ጥንድ መጽሐፉ ምድርን የሚስብበት ፎርስ ነው። እዚህ ላይ አስተማሪም ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የሃይላንዱ ነው። ሁለት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተው ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ በፑሊ አንጠለጠሉ፤ ገመዱ መሐል ስፕሪንግ ባላንስ (የስበቱን ኃይል በኒውተን የሚለካ የስፕሪንግ ሚዛን) አለ። እያንዳንዱ ወደ 10 ኒውተን ይስባል። ባላንሱ ስንት ያነባል? ብዙዎቹ 20 አሉ። አንዷ "ዜሮ" ስትል ተሳቀባት። መምህሩ ሳቁን አስቁመው "ልክ ነሽ፣ ባላንሱ ላይ ያለው ኔት ፎርስ፣ ማለትም የፎርሶቹ ድምር፣ ዜሮ ነው፤ ለዚህም ነው የማይንቀሳቀሰው። እኔ የጠየቅኩት ግን የገመዱን ውጥረት ነው" አሏት። ከዚያ በራሷ እጅ አንዱን ሃይላንድ አስፈትተው የገመዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ ካለ ሚስማር አሳሰሯት። በሁለቱ ሃይላንድ 10 ያነበበው ባላንስ አሁንም ያው 10! ግድግዳውም 10 ይስባላ።

ቤት ለምትሞክሩት፦ ባላንሱን አጋድማችሁ ዜሮውን አስተካክሉ። ቆሞ የተስተካከለ ሲጋደም የመንጠቆው ክብደት ስለሚቀርለት አሳንሶ ያነባል። ዝገት የያዘው ፑሊም ንባቡን ያዛባል።

ወላጆች፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘብ አታባክኑ፤ እሳቸው ጋ ውሰዷቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ልጁ የተሳሳተበትን የፈተና ወረቀት ይዞ ይሂድ፣ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።