አሽሊ ወንድ ነው ሴት? እኔ የምጠይቀው ገጽ

ሥራዬ ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ አሽሊ ወይም ቴይለር የሚል ስም ሲመጣ እጄ ቀጥ ይላል። «ጻፈ» ልበል ወይስ «ጻፈች»? ያኔ የምከፍተው የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደርን (የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው) የሕፃናት ስም ገጽ ነው። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። በነፃ ነው፣ ተመዝገቡ አይልም፣ ነገር አያካብድም።

ስሙን ትጽፋላችሁ፣ ፆታ ትመርጣላችሁ፣ ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር ትነግሩታላችሁ። በየዓመቱ ስንተኛ እንደነበር ይደረድርላችኋል። መረጃው የሚጀምረው ከ1880 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

አሽሊን እንይ። ከእንግሊዝ የቦታ ስም የወጣ የቤተሰብ ስም ነው፤ አሽ የሚባለው ዛፍ የበቀለበት ገላጣ ማለት ነው። ድሮ የወንድ መጠሪያ ነበር። ገጹ ላይ ግን በ1991 እና በ1992 ከሴቶች ስም 1ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የወንዶቹን ሰንጠረዥ ስትከፍቱ ደግሞ እየወረደ ሄዶ በብዛት ከተሰጡት 1000 ስሞች ዝርዝር ጭራሽ ይወጣል። አንድ ስም ፆታ ሲቀይር እንዲህ በዓይን ማየት ያስደስተኛል።

ሸርሊም የቦታ ስም ነበረ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሻርሎት ብሮንቴ በ1849 ባሳተመችው «ሸርሊ» የተባለ ልቦለድ ውስጥ ወላጆች ወንድ ልጅ ሲመኙ ሴት ተወለደችላቸውና ለወንድ ያሰቡትን የቤተሰብ ስም ለእሷ አወጡላት። በ1930ዎቹ ሕፃኗ ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል ብቅ አለች። 1935ን ክፈቱ፦ ሸርሊ ከሴቶች 2ኛ ናት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ለወንድ ማን ያወጣል?

የሙያ ስሞቹም አሉ። ሜሰን ግንበኛ፣ ኩፐር በርሜል ሠሪ፣ ካርተር ጋሪ ነጂ፣ ቴይለር ልብስ ሰፊ። ሜሰን በ2011 ከወንዶች 2ኛ ወጥቷል።

የቤተሰብ ስምን መጠሪያ የማድረግ ልማዱ ግን የቆየ ነው። የእናት የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ ለልጅ መጠሪያ ይደረግ ነበር። ለጥቂት ቀናት የእንግሊዝ ንግሥት የነበረችው የሌዲ ጄን ግሬይ ባል፣ በ1554 አንገቱ የተቀላው ጊልፎርድ ደድሊ፣ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ቤተሰብ፣ ከጊልፎርዶች ነው።

ይህን ታሪክ ገጹ ላይ አትፈልጉት። የስም ትርጉም አይሰጥም፣ ሥራውም አይደለም። ለትርጉም አንድ የስልክ አፕ ጭኜ ነበር። ማዲሰን ብዬ ብጠይቀው «የኃያል ተዋጊ ልጅ» አለኝ። ምን አገናኘው! ማዲሰን የማውድ ወይም የማቲው ልጅ ማለት ነው፣ ያውም ወንድ ልጅ። በ1984 በወጣው «ስፕላሽ» ፊልም ላይ አንዲት የባሕር ሴት ከኒውዮርክ የመንገድ ምልክት ላይ አንብባ ስሙን ለራሷ ወሰደችው። ገጹ ላይ ማዲሰን ከሴቶች 1000ዎቹ ውስጥ የገባው በ1985 ነው። በ2001 2ኛ ሆኗል። አፑን አጥፍቼዋለሁ፤ የፈጠራ ትርጉም ለልጁ ስም በሚመርጥ ወላጅ ላይ መቀለድ ነው።

ገጹን ስትጠቀሙ የሚከተለውን ልብ በሉ። አንድ ስም በተለያየ ፊደል ሲጻፍ ለየብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ አሽሊን በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉና ደምሩ። በዓመት ከ5 ልጅ በታች የተሰጠ ስም ለግላዊነት ሲባል አይወጣም። ሌላው ደግሞ የቆዩት ዓመታት ናቸው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ማመልከቻ ነው፣ ከ1937 በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ ደግሞ ካርዱን ጠይቀው አያውቁም። ለድሮ ሰነድ ስትጠቀሙበት የስሙን ደረጃ እዩ እንጂ በልጆቹ ብዛት አትደምድሙ። የተወለዱት እንግሊዝ ወይም ዌልስ ከሆነ ደግሞ የዚያ አገር የስታቲስቲክስ ቢሮ የራሱን ዝርዝር ያወጣል፤ እዚያ ሂዱ።