ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ላለው ስልክ ሰሪ ልጅ

ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስልኬ በ2019 የወጣው ሳምሰንግ ኤ50 ነው። እንጀራ ጋግሬ የምሸጠው በእሱ ነው። ደንበኛ የሚደውልልኝ፣ በቴሌብር የሚከፍለኝ፣ ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ድምፁን የሚልክልኝ በእሱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስክሪኑ ከጎኑ ተነሳ። ቻርጁም ለምሳ ሰዓት እንኳን አይደርስም።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት "ስክሪኑ ሞቷል" አለኝ። 3,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም ተነሳ። ስመለስ "ጥለሽው ነው" ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሌላኛው ደግሞ ሳይከፍተው "ቦርዱ ተቃጥሏል፤ በ500 ብር ልውሰድልሽና አዲስ ግዢ" አለኝ። የተቃጠለ ቦርድ ምን ሊያደርግለት ነው? ይሄ የታየኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ንዴቴ!

ታይዋን የሄድኩት የአዲስ ስልክ ዋጋ ልጠይቅ ነበር። እግረ መንገዴን ለዚህ ልጅ አሳየሁት። ስልኩን በጀርባው አስተኝቶ በጣቱ ገፋ አደረገው። እንደ እሽክርክሪት ዞረ። "ባትሪው አብጧል፤ ስክሪኑን የሚገፋው እሱ ነው" አለኝ። በቃ፣ ይሄው ነው! ማታ የት እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ። "ትራስ ስር፣ ቻርጅ ላይ" ስለው ደነገጠ። "ያበጠ ባትሪ እኮ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛ እንዳታደርጊው!" ብሎ ተቆጣኝ። በዕድሜ ልጄ ነው፣ ግን ድሬ አይደል፣ አንቱታ የለም።

ልቀይር ወይስ ላሰራ አልኩት። "ለአሁኑ አሰሪው። ግን ይሄ ስልክ አንድሮይድ 11 ላይ ቆሟል፣ ከዚህ በላይ አያድግም። ሌላ ትልቅ ነገር ከተበላሸ ብርሽን አታፍስሺበት፣ ያኔ ቀይሪ" አለኝ። ሰሪ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንዴት እንደሠራው አትጠይቁኝ። የፀጉር ማድረቂያ በመሰለ ነገር ሲያሞቀው ብቻ አይቻለሁ። እኔ የማልረሳው ሌላ ነው። "ደንበኛ ይደውላል" እያልኩ ስቁነጠነጥ አይቶ፣ ሲሜን አውጥቶ በራሱ ስልክ ከተተልኝ። ዙህር ሊሰግድ ሲሄድም ስልኩን እጄ ላይ ትቶት ሄደ! ማን ነው ዛሬ ስልኩን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ? እዚያው ቁጭ ብዬ ከሳቢያን ሰፈር የሃያ እንጀራ ትዕዛዝ ተቀበልኩ።

ከነባትሪው 1,400 ብር ከፈልኩ። 200 ብር ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ይሄው ሳምንቱ፣ ስልኬ እስከ ማታ ይቆያል።

እባካችሁ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ለእሱ አሳዩት። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እባካችሁ ሂዱለት!

ልጄ፣ ይሄን ካነበብከው፣ እሮብ እንጀራ ይዤልህ እመጣለሁ። እንደ ብሩ እምቢ እንዳትለኝ።