ፈረሳችሁ ካነከሰ «አራቱንም እግር በአንድ ዋጋ» የሚባለውን መርፌ አትግዙ

«በሳምንቱ ይጋልባል» ብሎ መጋጠሚያ ውስጥ የሚወጋ መርፌ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ሰኮናውን አንስቶ ካላየ ገንዘባችሁን ያዙ። በድንገት ያነከሰ ፈረስ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሰኮናው ውስጥ የቋጠረ መግል ነው፤ መግሉ ሲወጣ ይሻለዋል። መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ለዚህ አይረዳም።

ጥፋቱ መጋጠሚያው ውስጥ መሆኑ የሚለየው በማደንዘዣ ነው። ሐኪሙ በጠረጠረው መጋጠሚያ ይወጋና ፈረሱን እንደገና በሶምሶማ ያስኬደዋል። ማንከሱ ጎልቶ ካልቀነሰ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ከመድኃኒቶቹ ርካሹ ስቴሮይድ ነው። ሕመምና እብጠት ቶሎ ያበርዳል፣ ያለቀ ልም አጥንት ግን አይመልስም። ከስቴሮይዶቹ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሲደጋገም ልም አጥንቱን ስለሚጎዳ፣ ብዙ ለሚታጠፉት እንደ ፊት ጉልበት ላሉ መጋጠሚያዎች ትራያምሲኖሎን የሚባለው ስቴሮይድ ይመረጣል። የ«አራቱም እግር» ጉድ ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ የትራያምሲኖሎን መጠን የሚቆጠረው በእግር ሳይሆን በፈረስ ነው። ሐኪሞች በአንድ ጊዜ በጠቅላላው ከ18 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ በየእግሩ 10 ቢገባ 40 ሆነ ማለት ነው። የሚፈራው የሰኮና ውስጥ ብግነት ነው፤ በተለይ የወፈረ ወይም ከዚህ በፊት የታመመበት ፈረስ ላይ። እሱ ከመጣ መጀመሪያ ያነከሰበት ምክንያት ይረሳል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ መጋጠሚያን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ፣ ይወደዳል፣ ብዙ ጊዜም ከስቴሮይድ ጋር ይሰጣል። በጣም ባለቀ መጋጠሚያ ብቻውን ብዙ አትጠብቁበት። ከፈረሱ ከራሱ ደም የሚዘጋጀው ሕክምና ደግሞ ደሙን አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን ወይም ልዩ ማጣሪያ ይፈልጋል። አንዱም ሳይኖር «የደም ሕክምና» ብሎ ማስከፈል ውሸት ነው።

ብልቃጡ ከፊታችሁ ይከፈት። ቆዳው ጀርም በሚገድል ክሎርሄክሲዲን ወይም ፖቪዶን አዮዲን ደጋግሞ ይታጠብ፣ ወጊው ንጹሕ ጓንት ያድርግ፣ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አዲስ መርፌ ይጠቀም። ከተወጋ በኋላ ባሉት ቀናት እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተው፣ መጋጠሚያውም ካበጠና ከጋለ፣ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ቢሏችሁ አትስሙ። ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጋጠሚያው ውስጥ በዚያው ቀን በሐኪም ካልታጠበ ፈረሱን ልታጡት ትችላላችሁ።

ፈረስ ልትገዙ ከሆነም በቅርብ ተወግቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ስቴሮይድ ማንከስን ለሳምንታት ይደብቃል። የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙና የተወጋው መጋጠሚያ ያልተጻፈበት ደረሰኝ አትቀበሉ።